አንዴ ከመታ ሂጂ፣ ሁለቴ ከመታ ቁሚ

በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። እናቷ ያወጣችላት ስም መታወቂያዋ ላይ ተጋድሞ ይኖራል እንጂ፣ የጽዳት ድርጅቱ ግቢ ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ከኃላፊው እስከ ጎማ ለጣፊው፣ እትዬ ማርሽ ነው የሚላት። ስሙን ያተረፈችው መሪ በጨበጠች በመጀመሪያው ቀን ነው። ከመንገድ ጠራጊነት ወደ ቆሻሻ መኪና ሹፌርነት ማደጓን ሊያይላት የድሮው ኃላፊ ከነምክትሉ ግቢው መሃል ተገትሮ ሳለ፣ እሷ አንደኛ ማርሽ ያስገባች መስሏት የኋላውን አስገባችው። ያ የሚያህል መኪና የኋሊት ነጉዶ የግቢውን የብረት በር ከነምሰሶው ገንድሶት አረፈ።

ዘበኛው የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ከጥበቃ ቤቱ ዘሎ ወጣ። "ዓይንሽ የት ነው ያለው አንቺ ሴትዮ!" ብሎ የመኪናውን ጎን በመዳፉ ጓ አደረገው። እሷ አንገቷን በመስኮት አውጥታ፣ "አሁን ምን ያደርግልኛል! ቀደም ብለህ መትተህልኝ ቢሆን በርህ ይተርፍልህ ነበር" አለችው። ጥፋተኛ ሆና እንኳ እንዲህ ነው የምትመልሰው። እንግዲህ ንጹሕ ስትሆን እንዴት እንደምትሆን ገምቱት።

ድርጅቱ በሩን የሚያሠራበት ገንዘብ አልነበረውም። ያኔም ዕዳ ውስጥ ነበር፣ በኋላ የባሰበት ነው እንጂ። በር ከሌለ ደግሞ ዘበኛ ምን ሊጠብቅ? ኃላፊው ዘበኛውን አስጠርቶ፣ "በርህን የወሰደችው እሷ ናት፤ እንጀራህንም እሷው ትስጥህ" ብሎ ከመኪናዋ ኋላ ሦስተኛ ጫኝ አድርጎ መደበው። ሰውዬው መጀመሪያ እያጉረመረመ ተንጠለጠለ፣ ቀጥሎ ዝም ብሎ፣ ቀጥሎ ደግሞ እየሳቀ። ዓመት ሳይሞላ አገባት።

ባሏን ጥፊው ይሉታል። ኧረ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፣ ዝንብ አይነካም! የሚመታው መኪናውን ነው። የቆሻሻ መኪና ሹፌር ከኋላዋ ያለውን አታይም፤ ስፖኪዮ የሚያሳያት ግራና ቀኙን ብቻ ነው። ስለዚህ ጫኞቹ ገንዳ ሲገለብጡ፣ ከመካከላቸው አንዱ የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየመታ ያነጋግራታል። አንዴ ከመታ ሂጂ፣ ሁለቴ ከመታ ቁሚ፣ ከደጋገመ ወደ ኋላ ነይ ማለት ነው። በየመኪናው መቺ አለ። እትዬ ማርሽ ግን ከጥፊው ምት እንደተናደደ፣ እንደራበው፣ ጓንቱን ደግሞ ቤት ረስቶ እንደመጣ ሁሉ ታውቃለች።

ቤታቸውም ያው ነው። ሁለት ክፍል፣ ግድግዳው ስስ፣ መታጠቢያው ከወጥ ቤቱ ጋር የተጣበቀ። ጥፊው ገላውን ሊታጠብ ገብቶ ፎጣ ከረሳ አይጣራም፤ ግድግዳውን ጓ ጓ ያደርገዋል። እሷም ፎጣውን ይዛ ትሄዳለች። ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራው ልጃቸው፣ "እናንተ ሰዎች ግን እንደ ሰው አታወሩም?" ትላቸዋለች።

"እያወራን አይደል እንዴ?" ትላለች እናት። "አንቺ አልገባሽ ብሎ ነው እንጂ።"

ጥፊው አንድ አመል ነበረው። ገንዳ ተገልብጦ ካለቀ በኋላ ወዲያው አይመታም። ከመኪናው ጎን የሰካትን አጭር መጥረጊያ ይመዝና የተንጠባጠበውን ሁሉ፣ የሽንኩርት ልጣጩን፣ የእንቁላል ቅርፊቱን፣ አመዱን፣ አንድ ሳያስቀር ጠርጎና አፍሶ መኪናው ውስጥ ይጨምራል። ከዚያ ነው ጓ የሚያደርገው። በሌሎቹ መኪኖች እንዲህ ያለ ነገር የለም፤ የወደቀው ወደቀ፣ ነፋስ ያንሳው ነው። አብረውት የሚጭኑት ሁለቱ፣ ትከሻው በር የማያስገባው ዝሆኑና አፉ የማያርፈው ሬዲዮ፣ በዚህ አመሉ ሲያሾፉበት ይውላሉ። "አስፋልቱን ልትልሰው ነው እንዴ?" ይለዋል ሬዲዮ። እትዬ ማርሽም ጋቢናዋ ውስጥ ሆና መሪውን በጣቶቿ እየጠበጠበች ትንጨረጨራለች። "ጠራጊ የነበርኩት እኔ፣ ጠራጊ የሆነው እሱ! ምን ዓይነት ጣጣ ነው?" ትላለች። ሳይመታ ግን ንቅንቅ ብላ አታውቅም።

ድርጅቱ እንዲህ እየተንፏቀቀ ቆይቶ በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ቀረው። የነዳጅ ማደያው "የድሮውን ሳትከፍሉ ጠብታ አላቀምሳችሁም" አለ። ጎማ ሻጩ ሂሳቡን ሊቀበል ጠዋት መጥቶ ማታ መሄድ ጀመረ፤ ሠራተኛ የተቀጠረ እስኪመስል ድረስ። ከመኪኖቹ ግማሾቹ ጡብ ላይ ቆሙ። ነዋሪው "ቆሻሻዬን ሳታነሱ ምኑን ነው የምከፍለው?" ይላል፣ ድርጅቱ "ሳትከፍሉ በምን ላንሳው?" ይላል። የክልሉ ሹማምንት ይህን ጭቅጭቅ ሰምተው ሰምተው ሲሰለቻቸው፣ ድርጅቱ ወደ ግል ይዛወር፣ ገዥም ይፈለግለት ብለው ወሰኑ።

ግቢው ታመሰ። አንዱ "ሁላችንንም ሊያባርሩን ነው" ይላል፣ ሌላው "ከውጭ ማሽን ያመጣሉ አሉ፣ ቆሻሻውን ራሱ ለቅሞ ራሱ የሚበላ" ይላል። ይህ ሁለተኛው ሬዲዮ ነው። እትዬ ማርሽ ሁሉንም ሰማችና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ተነሳች። "ምን ያንቀጠቅጣችኋል? የሚሸጠው ድርጅቱ ነው፣ ሥራው አይደለም። ሰው እየበላ እስከጣለ ድረስ እኛ አለን። ይልቅ ገዥዎቹ ሊያዩን ነገ ወዲያ ይመጣሉ። እንግዳ እየመጣ ቤቱን የማይጠርግ ማን ነው?"

በእሷ አፍ ተነድተው ሠራተኞቹ የዕረፍት ቀናቸውን ሰውተው ወጡ። ከተማውን ጠረጉት ብል ይቀለኛል፤ አጠቡት እንጂ! ገንዳዎቹን በሳሙና ፈተጉ። ጡብ ላይ የቆሙትን መኪኖች ሳይቀር አጥበው፣ የተላጠውን ቀለም ቀቡ። በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። መሪያቸው በረዶ የመሰለ ነጭ ጫማ ያደረገ ጎልማሳ ነበር፤ ከተማውን ሁሉ ዞሮ ሲመለስ ጫማው ላይ ነጥብ እንኳ አልነበረም። "በጣም ደስ ይላል፣ በጣም ንጹሕ ነው" እያለ እጃቸውን ጨበጠ። ሠራተኛው በደስታ ሰከረ። ሬዲዮ የደሞዝ ጭማሪውን እዚያው በልቶት ጨረሰ።

ሽያጩ አለቀ፣ ማኅተሙ ተመታ፣ ነጩ ጫማ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መጣ። የመጀመሪያ ነገሩ ለግቢው አዲስ በር ማስተከል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ስብሰባ መጥራት። ሹፌሮች በሙሉ እንደሚቀሩ፣ አዳዲስ መኪኖችም እንደሚገቡ ነገራቸውና ተጨበጨበ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"በጉብኝታችን እንዳየነው ከተማው ንጹሕ ነው፣ ገንዳዎቹም ባዶ ናቸው ማለት ይቻላል" አለ። "ለዚህ ያህል ሥራ በአንድ መኪና ሁለት ጫኝ ይበቃል። ከሦስቱ መጨረሻ የተመደበው እስከ ወሩ መጨረሻ ይሠራና ይሰናበታል።"

ዱብ ዕዳ! እትዬ ማርሽ ግንባሯን በመዳፏ መታች። ዝሆኑና ሬዲዮ መኪናው ላይ የነበሩት እሷ ሳትመጣ ነው፤ መጨረሻ የመጣው፣ ያው፣ በሩ የወደቀበት ዘበኛ ነው። በገዛ ሳሙናዋ ባሏን አጠበችው ማለት ነው። ፊት በሩን ወሰደችበት፣ አሁን ደግሞ ጓንቱን።

ያን ቀን ጥፊው ቤት ሲገባ የሥራ ቱታውን አውልቆ እንደ ወትሮው ወንበር ላይ አልወረወረውም፤ ቁጭ ብሎ አጠፈው። ራቱንም ነካ ነካ አድርጎ ተወው። "ምን ይደረግ፣ የሆነ ቦታ ዘበኛ እሆናለሁ" አለ። "አንቺ የማትደርሽበት በር ካገኘሁ ማለቴ ነው።" ቀልዱን ነው። እትዬ ማርሽ ግን አልሳቀችም። ሰው ፊት አታለቅስም፣ ሳህኖቹን ሰብስባ ወጥ ቤት ገባች።

በነጋታው ሬዲዮ መላ ይዞ መጣ። "ሁለት ሦስት ቀን ሳናነሳ እንተወዋ! ይሸታዋል፣ ነጩ ጫማ አፍንጫውን ይዞ እየሮጠ ይመጣል።"

"አፍህን ዝጋ!" አለችው። "እኔ የሰው ደጅ ላይ ቆሻሻ አላሳድርም። ደግሞስ ሸፍጠን የገባንበትን ሸፍጠን ልንወጣ ነው? ቀጥ ብዬ ሄጄ እነግረዋለሁ።"

ቀጥ ብላ ሄደች። ቢሮው ያው የድሮው ኃላፊ ቢሮ ነው፣ ጣሪያው ላይ ዝናብ ያስገባበት ቡኒ ክብ አልጠፋም፤ ጠረጴዛው ግን አዲስ ነው፣ ላስቲኩ እንኳ አልተላጠለትም። ነጩ ጫማ ተነስቶ ወንበር ሳበላት። እሷ አልተቀመጠችም።

"በጉብኝቱ ቀን ያዩት ውሸት ነው" አለችው። "ዋዜማውን ሙሉ ስንጠርግ፣ ስናጥብ ነው የዋልነው። ሁሉንም ያስነሳኋቸው እኔ ነኝ። ከተማው እንደዚያ ንጹሕ አይደለም፣ ሆኖም አያውቅም።"

ሰውዬው አፍጥጦ አያትና ሳቁ አመለጠው። "ለካ ለዚህ ነው! ገንዳው የሎሚ ሳሙና ሸቶኝ እኔስ አፍንጫዬ ተበላሽቷል ብዬ ነበር!" እንባውን ጠራርጎ ሲያበቃ ግን ፊቱ ተለወጠ። "እትዬ፣ እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ዕዳው ግን ውሸት አይደለም። ድርጅቱን ስንገዛ አብረን የገዛነው እሱን ነው። በየመኪናው አራት ሰው ማሠራት አልችልም።"

እሷም ይህን ጠብቃ ነበርና መልሷን ይዛ ነው የገባችው። "እንግዲያው የዳገቱን መስመር ይስጡኝ፣ ማንም የማይፈልገውን። የገበያውንም ይጨምሩበት። ሁለት መኪና የሚሠራውን እኔ በአንድ መኪና፣ በአራት ሰው፣ ቀትር ሳይሆን ጨርሼ እገባለሁ። ካልቻልኩ ባሌ ብቻውን አይሄድም፣ እኔም ቁልፌን አስረክቤ እወርዳለሁ።"

"ቁልፉን እንኳ አይንኩ፣ እትዬ።"

"አልኩ አልኩ ነው፣ ልጄ።"

ሰውዬው የሳበላትን ወንበር ወደ ቦታው መለሰ። "እሺ፣ ሰኞ ይሁን" አለ። "እኔም ጋቢና ውስጥ አብሬዎት እቀመጣለሁ።"

ጥፊው ይህን ሲሰማ ቁጣው ጣሪያ ነካ። "ቁልፍሽን ማን አስይዢ አለሽ? ሁለታችንም ወጥተን ልጅቱ ትጡረን?"

"ታዲያ አንተ ሳትመታልኝ እኔ ወዴት ነው የምነዳው?" አለችው።

ጥፊው ከመቀመጫው ተነሳ። ቱታውን ከታጠፈበት አንስቶ ወንበሩ ላይ ወረወረው።

ሰኞ ማለዳ አዲሱ መኪና ተሰጣት። ከኋላው ካሜራ አለው፣ ጋቢናው ውስጥ ደግሞ የኋላውን የሚያሳይ ስክሪን። ነጩ ጫማ ነጭ ጫማውን አድርጎ ከጎኗ ተቀመጠ። ገበያው ላይ የደረሱት ሻጮቹ ሸራቸውን ሳይዘረጉ ነበር። ዝሆኑ ገንዳውን ብቻውን እየጎተተ ያመጣል፣ ሬዲዮ ከመኪናው ጋር ያያይዘዋል፣ ጥፊው ይጠርግና ጓ ያደርጋል፣ እሷም ድምፁ ሳያርፍ እግሯን ከፍሬኑ ታነሳለች። ገበያው ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አይቶ ቅንድቡን አነሳ። ዳገቱ ላይ መኪናው እያቃሰተ ወጣ። መንገዱ ጠባብ፣ መዞሪያ የሌለው፣ የገባችበትን ሁሉ የኋሊት የምትወጣበት ነው። ምቱ ከኋላ ጓ ጓ ጓ ሲል እሷ ስክሪኑን ዞር ብላም አላየችው። ሥራ አስኪያጁ አንዱ ጠባብ ቦታ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ ሲገልጠው አልፈዋል። "በሰላም ደረስን?" አለ። ሳቀች። በርግጥም ልቧ ሞልቶ ነበር፤ አንድ መንገድ ብቻ ነው የቀራት፣ ቀትር ገና ነው።

የመጨረሻው መንገድ ላይ አንድ ፀጉር ቤት አለ። ሬዲዮ ከደጁ ያለውን ትልቅ ከረጢት ሲያነሳው ከሥሩ ተበረቀሰ፤ የሳምንት ፀጉር፣ ጥቁሩም ሽበቱም ቀለም የገባውም፣ መንገዱ ላይ ተዘረገፈ። በዚያ ላይ ነፋስ ነበር።

ገንዳው ተገለበጠ። እትዬ ማርሽ ምቱን ጠበቀች። ዝም። አሁንም ጠበቀች። ዝም።

"ስክሪኑ ላይ ከኋላ ማንም የለም" አለ ሥራ አስኪያጁ። "መንገዱ ነፃ ነው፤ ለምን አይነዱም?"

"አልመታም።"

"ማን?"

"ባሌ ነዋ!"

አንገቷን በመስኮት አወጣች። ጥፊው ከመኪናው ጎን ጎንበስ ብሎ፣ በአንድ እጁ መጥረጊያ፣ በአንድ እጁ ካርቶን ይዞ፣ የሚበርረውን ፀጉር ግድግዳ ሥር እያባረረ ይሰበስባል።

"አንተ ሰውዬ! ምን እየሠራህ ነው?"

"እየጠረግኩ!"

"ሰዓቱ ሄደ እኮ!"

"ይሂዳ! እኔ የምጠርገው ፀጉሩን ነው!"

ለማን ብላ ነው ቁልፏን ያስያዘችው? ለዚህ ለግትር አይደለም እንዴ? እግሯ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው፣ እጇ ማርሹ ላይ፣ ስክሪኑም ነፃ ነው እያላት ነው። መንዳት ትችላለች፤ ነድታ እሱ እየሮጠ ይንጠልጠል። ሥራ አስኪያጁ ያያታል። እትዬ ማርሽ እጇን ከማርሹ ላይ አነሳችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ዕድሜዋን ሙሉ ሳይመታ ሄዳ አታውቅም፤ ዛሬም አትሄድም። ደግሞ ያናደዳት ነገር ራሱ መልሶ አኮራት፦ እንጀራው በሰዓት ተሰፍሮ ሳለ የሰው ደጅ ቆሽሾ አላልፍም ያለ ሰው ነው ያገባችው።

ከዳገቱ ሥር ካለው ፋብሪካ የቀትር ጥሩንባ ተነፋ። ከዚያ በኋላ ነው፣ ረጋ ብሎ፣ ጓ የሚል አንድ ምት የመጣው።

አልነዳችም። ሞተሩን አጥፍታ ቁልፉን ነቀለችና ለሥራ አስኪያጁ መዳፉ ላይ አኖረችለት። "አልደረስኩም" አለች።

ሰውዬው ቁልፉን እንደያዘ ወረደና መንገዱን ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። አንዲት ፀጉር የለችም። ጫማው ግን አመድ ለብሶ ነበር፤ አላስተዋለውም።

"እትዬ ማርሽ፣ እስከ ዛሬ የሚሠሩበት መስመር ከወንዙ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው ነው አይደል?"

"እሱ ነው።"

"በዚህ ከተማ ነዋሪው ሳይጨቀጨቅ የሚከፍለው በዚያ መስመር ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ግራ ገብቶኝ ነበር። የሀብታም ሰፈር ነው ብዬ ተውኩት።"

"ሀብታም? የኛ ሰፈር?" ሬዲዮ ከኋላ ሳቁን ለቀቀው። "እዚያ እኮ ድመቷ ራሷ ተበድራ ነው የምትበላው!"

"ሰው ደጁ ሲጠረግለት ይከፍላል" አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። "ግማሹ ተንጠባጥቦ ሲቀርበት አይከፍልም። ዕዳውን ያመጣው የጫኝ ብዛት አይደለም ማለት ነው።"

እትዬ ማርሽ ባሏ የያዘውን መጥረጊያ አየች። ሰፈሩ እንዲህ እንደሚከፍል ማንም ነግሯት አያውቅም። ያንን ሁሉ ዓመት የባሏን መጥረጊያ እየረገመች ነበር የተቀመጠችው።

ሥራ አስኪያጁ ቁልፉን መለሰላት። "ሦስተኛው ሰው በየመኪናው ይቆያል፤ መጥረጊያ ይዞ ግን። ባለቤትዎም አይሰናበቱም።" ዞር ብሎ ጥፊውን አየው። "ከእርስዎ መኪና ግን ይወርዳሉ። በየመኪናው እየዞሩ ይህንን ለሌሎቹ እንዲያሳዩልኝ እፈልጋለሁ።"

ዝሆኑ ጥፊውን ከመሬት አንስቶ አሽከረከረው። ሁሉም ጮኸ። እትዬ ማርሽም ሳቀች፣ ከልቧ ነው የሳቀችው፤ ዓይኗ ግን ባሏ ከመኪናዋ ኋላ ወደሚንጠለጠልበት ቦታ ሄደ። ባሏም አየባት። "ፎጣ ግን አንቺው ነሽ የምታቀብዪኝ" አላት።

በማግስቱ መኪኖቹ አዲሱ በር ፊት ጎን ለጎን ተሰለፉ። ጥፊው መጥረጊያውን ይዞ ከጎኗ ባለው መኪና ላይ ተንጠልጥሏል። ከእሷ ኋላ ደግሞ አዲስ ሰው፣ ትሁት፣ ትናንት ከሌላ መኪና የመጣ። በሩ ተከፈተ። አዲሱ ሰው የመኪናውን ጎን መታ፤ ተበድሮ ያልመለሰ ሰው የጎረቤት በር ሲያንኳኳ እንዲህ ነው። እትዬ ማርሽ ሰምታለች። እግሯ ግን አልታዘዝ አላት። ከኋላ ጥሩንባ ተነፋ፣ አሁንም ተነፋ። እሷ ወደ ፊት አፍጥጣ፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ቁጭ ብላለች።

ጥፊው ከተንጠለጠለበት ሆኖ አያት። አንድ እጁን ብረቱ ላይ እንደያዘ፣ ሌላውን ዘረጋ፣ በጣም ዘረጋ፣ የጋቢናዋን በር ጓ አደረገው። አንዴ።

ማርሿን አየች፤ አንደኛ ነው። ሄደች። የግቢውንም በር አልነካችም።

"እትዬ፣ እኔም እኮ መትቼ ነበር!" አለ አዲሱ ሰው ከኋላ።

"ሰምቼሃለሁ፣ ወንድሜ" አለችው በመስኮት። "ነገ ባንተ እሄዳለሁ።"